ዓይን ሲጨፈን ሚዛን ለምን ይጠፋል?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
22 ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ። በአንድ እግሬ ስቆም ምንም አልልም። ዓይኔን ስጨፍን ግን ወዲያው እንገዳገዳለሁ። ፍራሽ ላይማ ጭራሽ አልችልም። በሽታ ይሆን?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና
አይዞህ ወንድሜ፣ ያለ ነው። አንጎል ሚዛን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከውስጥ እግር ቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚደርሰው መረጃ ነው። ስትጨፍን የዓይኑ መረጃ ይቋረጣል። ፍራሹ ደግሞ የእግርህን ያዛባዋል። ያኔ ሥራው በአብዛኛው ለጆሮ ይቀራል።

አሁን ጨፍነህ ቁምና በጣትህ ጫፍ ግድግዳ ንካ። እንዳትደገፍ! መንካት ብቻ። መወዛወዙ ይቀንሳል። እኔ ይሄ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል። ጣትህ እኮ አልተሸከመህም፣ ሰውነትህ ወዴት እንዳዘነበለ ነው የሚነግርህ።

አስተያየት ሰጪ፣ ጣርማበር
ለካ ለዚህ ነው! እኛ ጋ ጉም ሲወርድ አባባ ዱላቸውን መሬት ነካ ነካ እያደረጉ ነው የሚሄዱት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና
አዎ እህቴ፣ ዓይን የቀነሰውን እጅ ይሞላል።

ጠያቂው፣ ሁለት እግርህን ገጥመህ ቆመህ፣ ስትጨፍን የምትወድቅ ከሆነ ወይም እግርህ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ይይህ።