እናቴን ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ግቢ ልውሰዳት? (ሴንት ክሮይ ሸለቆ፣ ሚኒሶታ)

ድስት ሰባሪዋ (ሴንት ፖል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሚኒሶታ ያላችሁ በተለይ እርዱኝ፤ ሸክላ የምታውቁ ደግሞ ከየትም ሁኑ ግቡበት።

በየዓመቱ ሜይ ላይ፣ የእናቶች ቀን በሚውልበት ሳምንት መጨረሻ፣ በሴንት ክሮይ ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ግቢያቸውን ከፍተው እንግዳ ይቀበላሉ። ከዓርብ ጀምሮ ሦስት ቀን ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ ካርታ ይዞ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ መዞር ብቻ። ባለቤቶቹ ከሌላ ስቴት ሁሉ ባልንጀሮቻቸውን ስለሚጠሩ፣ አንድ ግቢ ስትገቡ የብዙ ሰው የእጅ ሥራ ሣር ላይ በጣውላ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል።

ባለፈው ዓመት አብራኝ የምትሠራ ነርስ ጎትታ ወሰደችኝ። ክዳን ያለው ድስት አየሁ፤ ሆዱ፣ ጆሮዎቹ፣ ልክ የአያቴን ድስት መሰለኝና 110 ዶላር ከፈልኩ። እቤት ገባሁ፣ ጋዙ ላይ ጣድኩት፣ ሽንኩርቴን ጨመርኩ። ሽንኩርቱ ሳይቀላ ጧ! አለ። ለሁለት። ዘይቱ ምድጃው ሥር ገብቶ ሳምንት ሙሉ ሸተተኝ። ለሠሪዋ ጽፌ ላማርር ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እማዬ ከጎንደር፣ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር ላይ መጣች። እንግዲህ አስቡት፣ ሚኒሶታ በጥር! መስኮት ሥር ተቀምጣ በረዶ ስታይ ከረመች። በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቦታ እወስድሻለሁ ብያት ነበር። «የት?» አለችኝ። «ሸክላ ሠሪዎች ቤት» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «በሰው አገር ደግሞ ቡዳ ፍለጋ ልንሄድ ነው?» አለች። ቀልዷን ነው፤ ግን ቀልዷን ብቻ አይደለም። ልጅ ሆኜ ገበያ ስትወስደኝ ድስት በተደረደረበት በኩል ስናልፍ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። መጻፉ አሳፈረኝ፣ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ድስቱ ለምን ተሰበረ? ወጥ የሚሠራበት ነገርስ እዚያ ይገኛል? እናቱን ይዞ የሄደ ሰው ካለ ደግሞ እንዴት እንደነበር ይንገረኝ፤ ጉልበቷን ያማታል። ሳይገዙ መውጣትስ ነውር ነው?


ጭቃ ለባሽ (ሚኒያፖሊስ)

ድስቱን የሰበርሽው አንቺው ነሽ፣ አትቀየሚኝ። ለሠሪዋ አለመጻፍሽም ደግ አደረግሽ።

እኔ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ ባለው ኖርዘርን ክሌይ ሴንተር የማታ ኮርስ እወስዳለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ከእጄ የሚወጣው ሲኒ እስካሁን ጠማማ ነው። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ስቶንዌር ከሚሉት ጭቃ ነው። እቶን ውስጥ ከ1,200 እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተኮሳል። በዚያ ሙቀት ጭቃው ከውስጡ እየቀለጠ ይያያዝና ድንጋይም ብርጭቆም ወደ መሆን ይጠጋል። ውሃ አያሳልፍም፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ከሥሩ እሳት ሲለኮስበት ግን ሥሩ ይለጠጣል፣ ጎኑ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱ ሲሳሳቡ ይፈነዳል። የአያትሽ ድስት ሌላ ፍጥረት ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው የሚተኮሰው፣ ሙቀቱ በብዙ መቶ ዲግሪ ያንሳል። ጭቃው ውስጥ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ስለሚገባ ሰውነቱ ክፍት ክፍት ነው፤ እሳት ሲመጣበት የሚላወስበት ቦታ አለው። ጉልቻ ላይ የሚችለው ለዚህ ነው። ካላሟሹት የሚያንጠባጥበውም ለዚሁ ነው።

የእዚህ አገሩን ኦቭን ውስጥ መክተት ትችያለሽ፤ ግን ኦቭኑ ሳይሞቅ አስገብተሽ አብሮ ይሙቅ። ለእሳት የሚሆን ካልሽ «ፍሌምዌር» ብለሽ ጠይቂ። ሊቲየም ያለበት ማዕድን የተቀላቀለበት ጭቃ ነው፣ ሙቀት ሲለዋወጥበት ብዙ አይለጠጥም። የሚሠራው ሰው ጥቂት ስለሆነ ብታጪ አትገረሚ።

ሳይገዙ መውጣት ነውር የለውም። ዋጋ መከራከር ነው ነውሩ። እኔ ካየሁት ኩባያ 40፣ 50፣ 60 ዶላር ነው። አንሡት፣ ገልብጡት፣ ከንፈራችሁ ላይ አስጠጉት፤ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።

ሌላ፣ ያልጠየቅሽኝ ነገር። የዚያ ሸለቆ ወሬ ሸክላ ሠሪው ዋረን ማኬንዚ ሳይነሣ አያልቅም። ወጣት ሳለ እንግሊዝ አገር ሴንት አይቭስ ሄዶ ስመ ጥሩው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ዘንድ ሠራ፣ ተመልሶ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ቤቱ ስቲልዎተር አጠገብ ነበር፤ በ2018 መጨረሻ በ94 ዓመቱ ዐረፈ። ሸክላ የሚበላበትና የሚጠጣበት ነው ባይ ስለነበር በርካሽ ይሸጣል። መሸጫው ውስጥ ሻጭ የለም! ዋጋውን አይተሽ ብሩን ቅርጫት ውስጥ ጥለሽ፣ መልስሽንም ራስሽ አንሥተሽ ትወጫለሽ። በኋላ ሰዎች ከእሱ እየገዙ ኢንተርኔት ላይ በብዙ እጥፍ መቸርቸር ሲጀምሩ ዘጋው። እኔ ይህን ስሰማ ከሸክላው ይልቅ ስለ ቅርጫቱ ነው ያሰብኩት።

ለእናትሽ ጉልበት፦ ግቢው ሣርና ጠጠር ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። ሁሉንም ልዙር አትበይ፤ ሁለት ቤት ይበቃል። ምርጡን ዕቃ የሚሹ ዓርብ ጠዋት ይጋፋሉ፣ እሑድ ከሰዓት ይረግባል። በሀይዌይ 8 ሂጂ፤ ሊንድስትረም ስትደርሺ ቀና በይ፣ ለምን እንዳልኩሽ አልነግርሽም።


አባ ጉልቻ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

110 ዶላር ለአንድ ድስት?! በዚህ ብር ቀጨኔ ወርጄ ድስት፣ ጀበና፣ ምጣድ ከነአክምባሎው ገዝቼ ለታክሲም ይተርፈኛል። እኛ ስንሸሸው የኖርነውን እነሱ በሣር ላይ ደርድረው በካርታ ያስጎበኙናል። ጉድ ነው።


ጭቃ ለባሽ (ሚኒያፖሊስ)

አባ ጉልቻ፣ ምጣድህ ቦሌ ሳይደርስ ገል ይሆናል። ደግሞ የቀጨኔዎቹ እናቶች በዚያ ዋጋ መሸጣቸው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው እንዴ?


የወለቃ ልጅ (አሽዶድ)

ስለ ድስቱ ጭቃ ለባሽ ነግሯታል። እኔ ስለ ሌላው ልበል።

አያቴ የወለቃ፣ የእኛ የቤተ እስራኤሎች መንደር፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ እናትሽ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር በወረዱ ቁጥር አልፈውባታል። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ሙያው ስለሚጣፍጥ አይደለም፤ ርስት አይሰጣቸውም። መሬት የሌለው ሰው አፈሩን አብስሎ ይበላል። ከዚያ ያው ድስቷን የገዛው ሰው፣ ማታ ጅብ ትሆናለች ይላል። አያቴ «ድስቴን ይበሉበታል፣ ዓይኔን ይሸሹታል» ትል ነበር።

ዊል የሚባል፣ ጭቃ የሚሽከረከርበት መሥሪያ፣ አታውቅም። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለበለች ትደራርባለች፣ በእጇ ታዋህደዋለች፣ ሲጠነክር በጠጠር ታሸዋለች እስኪያብለጨልጭ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንነሣ ሻንጣ የሚባል አልነበረንም። እሷ ያቺን ጠጠር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። እዚህ ከደረሰች በኋላ ለዓመታት ጭቃ አልነካችም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አፈር ከየት ይቆፈራል። ጠጠሯን ግን መሶቧ ውስጥ ታስቀምጣት ነበር። አሁን እኔ ጋ ናት።

እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። በመንገድ ላይ ስለ ቡዳ ንግግር እንዳታደርጊላቸው፣ ያስጠላል። ዝም ብለሽ ውሰጃቸው። እኔ አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ።


ድስት ሰባሪዋ (ሴንት ፖል)

የወለቃ ልጅ፣ ይቅርታ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፤ ቀለለብኝ። የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። «ወለቃ» ስል ቀና አለች። እስከ መጨረሻው ሰምታ ወደ መስኮቷ ዞረች። ማታ ላይ «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አለችኝ።


ድስት ሰባሪዋ (ሴንት ፖል)

ተመልሰናል። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ጭቃ ለባሽ፣ ቀና ብያለሁ! የሊንድስትረም የውሃ ታንከር ማማ ላይ የተሰቀለ የቡና ማፍያ ነው፤ እጀታ አለው፣ መቅጃ አለው፣ በስዊድንኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። እማዬ «አቁሚ» ብላ አስቆመችኝ። አየችው፣ አየችውና «እነዚህስ ሰው ናቸው» አለች።

የመጀመሪያው ግቢ የደረስነው ዛፉ ሁሉ ገና ቅጠል እየጀመረው ሳለ ነው። እማዬ ከመኪናው ወርዳ በሩን ይዛ ቆመች። ሠሪዋ ሽበታም ናት፣ እጇ ላይ ጭቃ ደርቋል። ጠጋ ብላ እጇን ዘረጋች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። እማዬ ጨበጠቻት፤ ከዚያ እጇን አልለቀቀችም፣ ገልብጣ መዳፏን አየች።

ከኋላ የተከመረ እንጨት አለ፣ ቤት የሚያህል። «ይሄ ሁሉ ለድስት?» አለች። ረጅም ነው እቶኑ፣ በእንጨት ቀን ከሌሊት ይነዳል። አመዱ በነበልባሉ እየተነዳ ዕቃዎቹ ላይ ያርፍና ቀልጦ ግሌዝ፣ እንደ ብርጭቆ ያለ ልባስ፣ ይሆናል። እማዬ አንድ ገንቦ ትከሻ ላይ እንደ ማር የፈሰሰውን እየዳሰሰች «አመድ?» አለች። «አመድ» አልኳት። አላመነችኝም።

ከዚያ ማንኳኳት ጀመረች። ታውቁት የለ፣ ገበያ ላይ እንደሚደረገው፣ በጣቷ አንጓ እያንዳንዱን ቋ፣ ቋ። ልከለክላት ስል ሠሪዋ ተያት በሚል እጇን አነሣች። አንድ ጎድጓዳ ላይ ስትደርስ ቆመች። ደገመችው። «ይሄ ታሟል» አለች። ተረጎምኩ። ሠሪዋ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ ከእግሩ ጀምሮ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሄዷል። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አላየውም። ከጣውላው ላይ አወረደችውና፣ የቀሩትንም ታንኳኳልኝ ብላ ለመነች። እናቴ ጉልበቷን ረስታ ግማሽ ሰዓት ከጣውላ ጣውላ ዞረች፣ ሠሪዋ ከኋላ ከኋላ። ሌላ የታመመ አልተገኘም።

«ማን አስተማረሽ፣ እናትሽ ናት?» ብላ አስጠየቀችኝ። ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። እማዬ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ «ለጭቃ ዩኒቨርሲቲ ገባች?» ብላ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ድስት አልገዛንም፣ ፍሌምዌር የሚሠራ ሰው አልነበረም። አባ ጉልቻ ደስ ይበልህ፣ ድስቱ በእህቴ ሻንጣ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እኔ ለቅቤ የምትሆን ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ ወሰድኩ። የታመመውን ጎድጓዳ ሠሪዋ ልትሰብረው ነበር፤ እማዬ ከልክላ ተቀበለቻት፣ ጤና አዳም ተከለችበት። ስንጥቁ ውሃውን ያወርድለታል ትላለች።

ስንመለስ ፎረስት ሌክ እስክንደርስ ዝም ብላ ነበር። ከዚያ ጀመረች። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ጀበና የምታመጣላቸው ሴትዮ ነበረች። እጅ ለእጅ አይነካኩም፤ አትንኩኝ ነበር የሚሏቸው፣ እነሱም አይነኩ፣ እነ እማዬም አይነኳቸው። አያቴ ብሩን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣል ታደርግላታለች፣ ሴትዮዋ ከውሃው ታወጣዋለች። አንድ ዓመት ሳትመጣ ቀረች፣ አገራቸው ገቡ ተባለ።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

«ማን ጠይቋት» አለች።

የወለቃ ልጅ፣ እማዬ የአያትሽን ስም ጠይቂልኝ ብላኛለች። እዚህ ሰው ፊት መጻፍ ካልፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ዛሬ ሁለቴ ጠይቃኛለች፣ ገና አልመለሰችም እያልኳት ነው።