ለላንድስኬፕ ሥራ የቱን ጓንት ልግዛ?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ሰኞ የላንድስኬፕ፣ ማለትም የግቢና የአትክልት ሥራ እጀምራለሁ። ጓንት ይዘህ ና ተብያለሁ። ሱቅ ሄጄ ግን ዓይነቱ በዛብኝና ባዶ እጄን ተመለስኩ። የሚበረክተው የቱ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

መጀመሪያ ልክህን እወቅ። ሰው ሁሉ ወፍራሙን ያነሣል። ጓንት ቶሎ የሚያልቀው ግን ሲሰፋ ነው። ጣቱ ጫፍ ላይ ትርፍ ካለው አካፋ በያዝክ ቁጥር ይታጠፋል፤ እጥፉ ላይ ያልቃል። መዳፍህም ውሃ ይቋጥራል። አውራ ጣትህን ትተህ የመዳፍህን ዙሪያ በሜትር ለካ። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 8 ቁጥር፣ 23 ገደማ ከሆነ 9 ቁጥር ነው።

ለአረምና ለችግኝ ጀርባው ጨርቅ፣ መዳፉ ናይትራይል የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተቀባው ይበቃል። ርጥብ ነገር አያዳልጠውም፣ እጅም አያፍንም። ለድንጋይና ለአካፋ ግን ቆዳ ነው። የእኔ ምርጫ የፍየል ቆዳ ነው። ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ መቀሱን ስትይዝ ጣትህ ይሰማዋል። የላም ቆዳ ይበረክታል፤ ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ግን እንደ ቋንጣ ድርቅ ይላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ድርብ ቆዳ የተሰፋበትን ውሰድ። የእኔ ሁሌ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።

አንዳንዱ ላይ ከኤ1 እስከ ኤ9 የሚል ታያለህ። የስለት መቋቋሚያ ደረጃ ነው። እሾህ ይከላከላል ማለት አይደለም፤ መወጋት ሌላ ነው።

ፖይዘን አይቪን ደግሞ አደራ። ቆዳ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ዘይት ያለው፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ተክል ነው። በመጀመሪያው ሰመር አጥር ላይ የወጣውን ሐረግ ጎትቼ ነቀልኩ። እጄ ደህና ነበር። ላቤን ግን በጓንቱ ጀርባ ጠረግኩ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ እስኪጨፈን ፊቴ አበጠ። ዘይቱ ጓንቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ቅጠሉን ከነካህ ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠብ፣ ጓንቱንም ለብቻው እጠብ።

ከሥራው አደጋ የሚጠብቅህን የግድ የሆነ መከላከያ እዚህ አገር ሕጉ በአብዛኛው አሠሪው እንዲከፍል ያስገድደዋል። ደፍረህ ጠይቅ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እስከ ክርን የሚደርሰውን የጽጌረዳ ጓንት ገዝቼ ለሁሉም ሥራ ብጠቀምበትስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ለጽጌረዳ ጥሩ ነው። ቅርንጫፍ የሚፈጨው ማሽን፣ ቺፐሩ አጠገብ ግን በፍጹም! ቅርንጫፉ የጓንቱን ረጅም እጅጌ ከያዘው እጅህን ይዞ ይገባል። እዚያ እጅ ላይ ልክክ የሚል፣ አንጓው ላይ የማይንጠለጠል ጓንት አድርግ። ማሽኑ እንዴት እንደሚቆም ፎርማንህ ሳያሳይህ ደግሞ አትጠጋው።