ጮቄ ተራራ ሥር ጎጆ ቤት ውስጥ ነን፣ ከሰሉ እየጠፋ አስቸገረን

እንግዳ (ከምሽቱ 4:20)፦ ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው። ለእረፍት ብለን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ጮቄ ሥር የሳር ክዳን ጎጆ ተከራይተናል። ቀን ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ክብ፣ ጭቃ ምርግ፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ መኝታው መደብ። ማታ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አከራዩ በማንደጃ ከሰል አቀጣጥሎ ሰጠንና ወደ ቤቱ ሄደ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን ስናራግበው ትንሽ ይቀላና መልሶ ይጠፋል። እስኪነጋ እንዲቆይልን ምን ላድርግ? ነፋስ የሚገባበትን ሁሉ በጨርቅ ወትፌያለሁ።

የሞጣው፦ ከሰሉ እርጥብ ነው። ሌላ ጠይቅ።

ቁንጫ ፈሪ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ ቁንጫው ሲጀምርህ ስትዘል ትሞቃለህ 😂

ደብረ ማርቆስ ሰፈር፦ እኔ የማይገባኝ ነገር፣ ደብረ ማርቆስ ሙቅ ሻወር ያለው ሆቴል ሞልቶ ሰው ለምን ብር ከፍሎ መደብ ላይ ይተኛል? እኛ ከመደብ ወደ አልጋ ለመድረስ ስንት ዓመት ለፋን።

ጅብራ፦ ይኼ አስተያየት ልክ አይደለም። ጮቄ ማለት የአባይ ገባሮች የሚነሱበት ተራራ ነው። ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር ይጠጋል። የደጋው ተክል፣ ጓሳው፣ አስታው፣ ጅብራው ሆቴል ሆነህ አይታይም። ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር እንደሆነ ግን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ይገርመኛል፤ ገበሬው ገብስና ድንች የሚዘራው ወዶ መሰላችሁ? ደጋውን ለማየት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ስለ ደጋ ማንበብ አለበት፣ ከዚያ...

ቁንጫ ፈሪ፦ አያ ጅብራ፣ ሰውየው ባትሪው እያለቀ ነው ብሏል።

የከሰል ደንበኛ፦ አመዱን አራግፍለት። አመድ ከላይ ሲሸፍነው ይሞታል። ማንደጃው ከሥር ቀዳዳው ተደፍኖም ይሆናል።

ሲስተር፦ እንግዳ፣ ከሰሉን ተወውና ይኼን መልስልኝ። ራሳችሁን ያማችኋል? የማቅለሽለሽ ነገር አለ?

እንግዳ፦ ራሴን ወጋ ወጋ ያደርገኛል፣ ባለቤቴንም እንደዚያው። ልጁ ቅድም አስመልሶታል፣ ግን ድንቹ ይመስለኛል። ምነው?

ጅብራ፦ ከፍታ ነው። ውሃ ጠጡ።

ሲስተር፦ ከፍታም ሊሆን ይችላል፣ ግን ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰሉ ነው። አሁኑኑ በሩን ክፈትና ልጁን በጋቢ ጠቅልላችሁ ሦስታችሁም ውጡ። የወተፍከውን ጨርቅ ሁሉ ንቀል። ፍም ሲሆን ጭስ የለውም፣ ስለዚህ ሰው ይዘናጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ትተኛለህ፣ አለቀ። ከሰሉ የሚጠፋብህ ራሱ አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል።

የሞጣው፦ እርጥብ ከሰልም ይጠፋል እኮ።

እንግዳ፦ ሲስተር አታስፈራሪን እንጂ። አያቶቼ ዕድሜ ልካቸውን ጎጆ ውስጥ እሳት አንድደው ነው የኖሩት፣ ምንም አልሆኑም።

አያ ደንበጫ፦ ልጄ፣ የአያቶችህ ጎጆ ይተነፍስ ነበር። ጭሱ በሳሩ መሐል ሾልኮ ይወጣል፣ ክዳኑ ከውስጥ ጥላሸት ለብሶ ታየው የለ? ደግሞ የእንጨት ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ራስህ በሩን ትከፍታለህ። እንዲያም ሆኖ ስንት ሰው ሳል ይዞት ኖሯል፣ ደህና ነበሩ አትበል። አሁን ለእንግዳ ተብለው የሚሠሩት ጎጆዎች ሌላ ናቸው። ሳሩ እንዳይረግፍ፣ ዝናብ እንዳያንጠባጥብ ብለው ከሥር ላስቲክ ይወጥሩበታል። እስቲ ቀና ብለህ ጣሪያውን እየው።

እንግዳ፦ ሸራ ነው። ዙሪያውን በሚስማር ተመትቷል።

አያ ደንበጫ፦ በል ውጣ። ማንደጃውንም ይዘህ ውጣ፣ ግን ክዳኑ ሥር እንዳታስቀምጠው፣ ነፋስ ፍንጣሪ ወስዶ ሳሩ ላይ ቢጥለው ሌላ ጉድ ነው። ራቅ አድርገህ አፈር አልብሰው።

እንግዳ፦ ወጥተናል። ከሰሉንም አወጣሁት። በረዶ ነው ውጭው። አሁን በምን እንሙቅ?

ቁንጫ ፈሪ፦ አከራዩን ቀስቅሰው፣ ኪራይ ተቀብሎ እሱ ብቻ ሞቆት አይደር። አጎዛ፣ ባና፣ ያለውን ሁሉ ያምጣ። አሁን አልቀለድኩም።

የደጋ ልጅ፦ ብርዱ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከመደቡም ነው። ከሥር ጭድ ወይም አጎዛ በደንብ አንጥፉ፣ ጋቢውን ከላይ ደርቡ። ከአከራዩ ምድጃ ውሃ አስፈሉ፣ ትንሽ በረድ ሲል ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩት፣ እንደፈላ ካደረጋችሁት ሃይላንዱ ይሟሽሻል፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ በካልሲ ጠቅልሉትና እግራችሁ ሥር አድርጉት። ልጁን መሐል አስተኙት። ኮፍያ ካላችሁ እንዳታወልቁ። በሶ ካለ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ በባዶ ሆድ ብርዱ አይቻልም። አረቄ ግን ይቅር፣ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል።

ቁንጫ ፈሪ፦ አረቄውን ባትነካው ጥሩ ነበር።

ሲስተር፦ ቤቱ በደንብ ሳይናፈስ እንዳትመለሱ። ንጹሕ አየር ላይ ራስ ምታቱ ቶሎ ቀለል ካለ ከሰሉ ሳይሆን አይቀርም። ቀለል አለ ብላችሁ ግን አትተዉት፣ ጠዋት ጤና ተቋም ታዩ። ልጁ አሁንም ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ፣ ይተኛ ብላችሁ እንዳትተዉት፤ አከራዩ መኪና ይፈልግና አሁኑኑ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዱት። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች እሷም አብራ ትታይ። ልጁ እንዴት ነው?

ሲስተር (ከምሽቱ 5:10)፦ እንግዳ?

ጅብራ፦ ባትሪው አልቆ ይሆናል። እንዳልኩት ደጋ ሲኬድ ቻርጅ...

አያ ደንበጫ፦ የአከራዩን ስልክ የሚያውቅ አለ? በዚያ አካባቢ ጎጆ የሚያከራዩት ብዙ አይደሉም፣ ልደውልለት።

የሞጣው፦ የወንድሜ ልጅ እዚያው መምህር ነው፣ እሱን ልጠይቀው።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ጎጆው ለአንድ አዳር ስንት ነው? ለገና ቤተሰብ ይዤ ልሄድ አስቤ ነው።