በፓይተን ሼል የመጨረሻውን ውጤት መልሶ ስለማግኘት

አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ ቢሮ የደመወዝ ሂሳብ ስለማጣራ፣ ፕሮግራም ከመጻፍ ይልቅ የፓይተንን ሼል (የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ ሲጻፍበት ወዲያው መልስ የሚሰጥ መስኮት) ከፍቼ ስሌቱን በቀጥታ ማስገባት ይቀለኛል። በሼሉ ውስጥ የስር ሰረዝ ምልክቷ (_) የመጨረሻውን ውጤት ስለምትይዝ፣ ለጡረታ መዋጮ 12500ን በ7 አባዝቼ ለ100 ካካፈልኩ በኋላ 875.0ን ዳግም ሳልጽፍ በእርሷ እቀጥል ነበር። ይሁን እንጂ ያችኑ ምልክት ትእዛዝን በሚደጋግመው የፎር (for) ዙር ውስጥ ከ0 እስከ 4 ለመቁጠር ከተጠቀምኩባት ወዲህ፣ ምንም ባሰላ የምትመልስልኝ 4ን ብቻ ነው። ስለ ምልክቷ ማብራሪያ በሚሰጠው የሄልፕ (help) ትእዛዝ ብጠይቅም ስለ ሙሉ ቁጥር ዓይነት የሚያወሳ ረጅም ገጽ አወጣልኝ (ከዚያ ገጽ መውጣቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው)። ሼሉን ብዘጋው ከጠዋት ጀምሮ ያስገባኋቸው ተለዋዋጮች (በስም የያዝኳቸው ዋጋዎች) ይጠፉብኛል። እባካችሁ፣ ዴል (del) በሚለው የማጥፊያ ትእዛዝ ምልክቷን ባጠፋት ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለሳለች ወይስ ጭራሹን ትጠፋብኛለች?