ለስቴት ምክር ቤት ለምትወዳደረው የአእምሮ ጤና ተሟጋች ከአዲስ አበባ ሆኜ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?

ከአራት ኪሎ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሜሪላንድ ብዙ ዓመት ኖሬ ጠቅልዬ አገሬ ገብቻለሁ። በድሮ ሰፈሬ በሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት የአእምሮ ጤና ተሟጋች ለስቴቱ ምክር ቤት ልትወዳደር ነው አሉ። ስንቱን የሐበሻ ቤተሰብ ስትረዳ አይቻለሁ፣ ድምፄን ልሰጣት እፈልጋለሁ። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው፣ እዚህ በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው የምኖረው። ካዛንቺስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እኔም ላዋጣ» ይላል። ይቻላል?

ከፒያሳ (ከተረፈው)፦
እንኳን ደህና ገባህ ወንድሜ። በቢጫ ካርድ እዚህ አትመርጥም፣ አትመረጥምም፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከልክሎታል። የአሜሪካው መብትህ ግን አለ። ፌዴራል ፖስት ካርድ አፕሊኬሽን የሚሉትን ቅጽ ሞልተህ ለድሮ አድራሻህ የምርጫ ቢሮ ትልካለህ።

ጣጣው ቅጹ ላይ ያለ አንድ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ታስባለህ ወይስ እርግጠኛ አይደለህም? ይልሃል። የፌዴራሉ ሕግ የሚያስከብርልህ ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ የምትሰጠውን ድምፅ ነው። የስቴት ምክር ቤቱ እንደየስቴቱ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም ካልክ የሚላክልህ የፌዴራሉ ወረቀት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ «ጠቅልዬ» ብለሃል። በፊርማህ የምታረጋግጠው ነገር ስለሆነ ለአንዲት ድምፅ ብለህ አትዋሽ።

የአክስትህ ልጅ ብሩን ኪሱ ያቆየው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ለአሜሪካ ምርጫ፣ ለሰፈር ምርጫም ቢሆን፣ ማዋጣት ክልክል ነው። በአንተ ስም ከላከ ደግሞ አንተም ትጠየቃለህ። ያለ ክፍያ በጉልበቱ ማገዝ ግን ይችላል። የአማርኛ በራሪ ወረቀት ይጻፍላት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ እዚሁ ነኝ፣ እመርጣለሁ። ግን እውነት እንነጋገር፣ የስቴት ምክር ቤት ምን ያመጣል? ኮንግረስ ብትገባ አይሻልም?

ከፒያሳ (ከተረፈው)፦
አልስማማም እህቴ። ለአእምሮ ሕክምና ከማንም በላይ የሚከፍለው ሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ዋሽንግተን ገንዘቡን ቢያግዝም የቱ አገልግሎት በስንት እንደሚከፈል በአብዛኛው የሚወስነው ስቴቱ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ለጀመረው 988፣ ጭንቅ ውስጥ የገባ ሰው ለሚደውልበት የስልክ መስመር፣ ከስልክ ሂሳብ ላይ ክፍያ መቁረጥ የሚችለውም ስቴቱ ነው። ሰው ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል የሚገባበትን ሕግም የሚያወጣው እሱ ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን ስንቱ እናት የሚያውቃት ልጇን ፖሊስ ሲወስደው ነው።

እዚህ ሆነን ደግሞ ውጤቱን እናየዋለን። ሐበሻው እንዳይሰማ ተብሎ የታመመው ልጅ ከአሜሪካ ወደዚህ በአውሮፕላን ይላካል። መጀመሪያ እንጦጦ ጸበል፣ ሲብስ አማኑኤል። አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ጸበሉን አልነቅፍም። የምነቅፈው መድኃኒቱን ማስጣሉን ነው። እዚያ የለመደው መድኃኒት እዚህ ሲፈለግ ይጠፋል፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ አብሮት አይመጣም።

ስለዚህ ስታገኚያት ስለ ዶሮ ወጥ አታውሪያት። የአማርኛ አስተርጓሚ ክሊኒክ ውስጥ እንዲኖር ምን ታደርጊያለሽ በያት። ቤት ድረስ ከፖሊስ ይልቅ ባለሙያ እንዲመጣስ? አዲስ ሰው ባለሙያ ጋ ለመቅረብ ስንት ወር ይጠብቃል? ምክር ቤቱ በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው፣ የመጀመሪያ ረቂቋ የቱ እንደሆነ ካሁኑ ትንገርሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሜሪላንድ ላይ የፓርቲዎቹ ፕራይመሪ፣ ማለት ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ለሁሉም ክፍት አይደለም። በፓርቲዋ ካልተመዘገብሽ ያኔ ልትመርጫት አትችይም፣ እናንተ ሰፈር ደግሞ ነገሩ የሚያልቀው ያኔ ነው። ምዝገባሽን ዛሬውኑ እዪው።