አዲስ በተሠራ ቤት የጠቆረ የእምነ በረድ ወለል፦ ማሸጊያ ይቀባ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፣ ከሰሚት
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሚያዝያ ተጠናቆ የገባንበት ባለአንድ ፎቅ ቤታችን፣ ወለሉ በሙሉ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በመጣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው እምነ በረድ የተነጠፈ ነው። መደቡ ነጭ ሆኖ ግራጫ ጅማት አለው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን በታችኛው ሳሎን፣ በተለይም በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ሥር፣ ድንጋዩ ውኃ የፈሰሰበት መስሎ ጠቁሯል፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይም ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፣ ብንጠርገውም ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይታያል። የላይኛው ፎቅ በዚያው ድንጋይና በዚያው ማልታ (ድንጋዩን በሚይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ለውስ) ተነጥፎ ምንም አልሆነም። ድንጋዩን የሸጡልን ሰው ማሸጊያ ቅባት በቶሎ እንዲቀባ ይመክሩናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሠራተኞቹ በደረጃው ላይ የቀረውን ሲሚንቶ በአሲድ ስላጠቡት ድንጋዩ ማብረቁን ትቶ ደብዝዟል። ሁለቱም በማሸጊያ ይስተካከላሉ ወይስ ንጣፉ መነሣት ይኖርበታል?

መልስ፣ ከንጣፍ ባለሙያ
ማሸጊያውን አሁን እንዳይቀቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ነጩ ዱቄት ከድንጋዩ የመጣ አይደለም፤ ውኃ በማልታው ውስጥ ሲያልፍ ያሟሟውን ጨው ይዞ ወደ ላይ ይወጣና፣ ውኃው ሲተን ጨው ብቻውን በመጋጠሚያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱ እስከተመለሰ ድረስ ከሥር ውኃ እየመጣ ነው። በዚህ ሁኔታ ገጹ ቢታሸግ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ጨውም ከገጹ በታች እየተከማቸ የድንጋዩን ፊት እየላጠ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ የሚጠረግ አይሆንም።

ዋናው ሥራ የውኃውን መነሻ ማግኘት ነው። የማልታው የራሱ ውኃ እንዳይባል፣ ጥሩ አየር ባለበት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይደርቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ከሚያዝያ ወዲህ ያለው ጊዜ ይበቃዋል፤ የላይኛው ፎቅ መድረቁም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እንግዲህ የቀረው ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ሌሊት የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግታችሁ የውኃ ቆጣሪውን ንባብ መዝግቡ፤ ጠዋት ከተለወጠ ቧንቧው ያፈሳል። ካልተለወጠ ወደ ውጭ ወጥታችሁ የጓሮው አፈር ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ አሸንዳውም ውኃውን የት እንደሚጥለው ተመልከቱ። በሰሚትና በአካባቢው ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆይ በመሆኑ፣ ከግድግዳው ሥር የፈሰሰ የጣራ ውኃ ወዲያው አይሄድም። ሥራውን የመራውን ሰውም በድንጋይ ሙሌቱና በኮንክሪቱ መካከል የመሬቱን እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ ተነጥፎ እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው።

መልስ፣ ከሥነ ምድር ባለሙያ
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማሸጊያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ገጹን ይሸፍናሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብተው እንፋሎትን ያሳልፋሉ። ሁለተኛው ዓይነት ለእምነ በረድ የተሻለ ቢሆንም፣ እርጥበትን ከነጨው በሚያመጣ ወለል ላይ እርሱም ቢሆን መፍትሔ አይሆንም። ጉዳዩን ለማቆየትም ጊዜ የለም፤ በነጭ እምነ በረድ ውስጥ ብረት ያለባቸው ማዕድናት ካሉ፣ ለረጅም ጊዜ የረጠበው ድንጋይ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ዝገት መልክ ይለወጣል፤ ይህንንም ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የደረጃው ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እምነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት የተባለ ማዕድን ስለሆነ አሲድ ሲነካው ራሱ ድንጋዩ ይሟሟል፤ የምታዩት ድብዛዜ እድፍ ሳይሆን የተበላ ገጽ ነው። ለዚህም ማሸጊያም ሆነ ሳሙና አይረዳውም፤ በአልማዝ መፋቂያ ከሻካራው ወደ ልሙ ደረጃ በደረጃ ተፍቆ እንደገና መወልወል አለበት። የደረጃ መርገጫ በተለምዶ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው መፋቁን በሚገባ ይችላል። ለማእድ ቤት መደርደሪያ ገና ካልወሰናችሁ፣ ሎሚና አቼቶ የማይበሉትን ግራናይት፣ ለምሳሌ ከባቢሌ አካባቢ የሚወጣውን፣ ብትመርጡ ይሻላል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር
እኛም በእምነ በረድ ወለል ላይ ስለምንኖር ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። ካልሳይት በማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) 3፣ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 በመሆኑ፣ ወለሉን ከምንም በላይ የሚቧጭረው በጫማ የሚገባ አሸዋ ነው፤ በመግቢያው ላይ ሰፊ ምንጣፍ ይኑር። በቡና ሰዓት የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጤማ በባዶ ድንጋይ ላይ ከዋለ መልኩን ሊተው ስለሚችል፣ ከሥሩ ሰሌን ወይም ላስቲክ ይነጠፍ። ቅቤ ወይም ዘይት ከጠጣ፣ ቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ለውሳችሁ በቦታው ላይ ደልድሉና በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት፤ ዘይቱን ቀስ በቀስ ይስበዋል። በረኪናንም ከእምነ በረድ አርቁት።

ከጠያቂው
ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ቆጣሪው ሌሊቱን አልተንቀሳቀሰም። አሸንዳው ግን የጣራውን ግማሽ ውኃ በጠቆረው ግድግዳ ሥር ይጥላል፤ የአበባ መደቡም አፈር ከሳሎኑ ወለል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ፕላስቲክ መነጠፉን የሚያረጋግጥልን ሰው አላገኘንም። ውኃውን ካራቅን በኋላ ድንጋዩ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልስ፣ ከንጣፍ ባለሙያ
አሸንዳውን በቧንቧ አርዝማችሁ ውኃው ከቤቱ ርቆ እንዲፈስስ አድርጉ፤ የአበባውን አፈር ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉና መሬቱን ከግድግዳው ወደ ውጭ አዘንብሉት። ከዚያ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት፤ ውኃ ጨውን መልሶ ያስገባዋል። ዝናቡ ቆሞ ጥቅምትና ኅዳር ሲያልፍ፣ በጠቆረውም ባልጠቆረውም ቦታ ላይ ግልጽ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቃችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። ከሥሩ ጠል ካልያዘና ድንጋዩ ካልጠቆረ፣ ያን ጊዜ እንፋሎት የሚያሳልፈውን ማሸጊያ መቀባት ትችላላችሁ። ጠል ከያዘ ግን በግድግዳው ሥር ያሉትን ሁለት ሦስት ድንጋዮች ብቻ አስነሥታችሁ ከሥር ያለውን ኮንክሪት አሳዩ፤ ወለሉን በሙሉ ለማንሣት ከዚያ በፊት አትወስኑ።