ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እና ፍትሕ ሚኒስቴር፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተብሎ የነበረው መሥሪያ ቤት ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ ስለዚህ ሹመት ምን ይላል? ክስ የማንሳት (የተመሠረተን ክስ የማቋረጥ) ሥልጣኑስ እስከ የት ነው?

መልስ 1፦ ሕገ መንግሥቱ ዐቃቤ ሕግን እንደ ፍርድ ቤት ራሱን የቻለ ተቋም አድርጎ አላቆመውም፤ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ ቅርጹ በተራ አዋጅ ይቀያየራል። በ2008 የወጣው አዋጅ 943 የፍትሕ ሚኒስቴርን፣ የፀረ ሙስናን እና የጉምሩክን የክስ ሥልጣን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር አንድ ላይ ጠቀለለ። በ2014 ደግሞ አዋጅ 1263 ወደ ሚኒስቴርነት መለሰው። ሚኒስትሩ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርቦ በተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ ማለትም የካቢኔ አባልም የከሳሾች አለቃም ነው። ይህ ድርብ ካባ ለኔ አይመችም።

መልስ 2፦ ክስ ስለማንሳት የ1954ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 122 እዩ። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው፤ በከባድ የሰው ግድያና በከባድ ውንብድና ግን ክስ ማንሳት አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ክስ ተነሣ ማለት ነጻ ተባለ ማለት አይደለም፤ እንደገና ሊከሰስ ይችላል።

ጠያቂ፦ የመጨረሻዋን አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን።